ከተማውን የመታው ብርድ

ወይዘሮ ቾዞም በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጓዳቸው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው እርጎ ሲበሉ ልጃቸው ኖርዞም ያዘቻቸው። ማንኪያ እንኳ አልያዙም፤ ድምፅ ይሰጣል ብለው በጣታቸው ነበር የሚጠርጉት። የልጅ ልጅ ለማየት የደረሱ ሴት ነጭ ጢም አብቅለው ድንግጥ ብለው ዞር ሲሉ፣ ኖርዞም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ዝም በይ!» አሉ እናትየው በሹክሹክታ። «በሦስቱ ዕንቁዎች ይዤሻለሁ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ።»

«እኔ ምን ቸገረኝ? እሳቸው እጅዎን ሲይዙ ራሳቸው ያገኙታል።»

«ያግኙታ! ብርድ አለብሽ ካሉኝ ወዲህ አፌ በሚያቃጥለው የሮማን ክኒን ተላጠ። ሰው በገዛ ቤቱ እርጎ ይከለከላል? ግፍ እኮ ነው!»

ግፉ የወደቀው በእሳቸው ላይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ገብሱ ታጭዶ ከገባ ወዲህ ባለቤታቸው፣ አምቺ የሚባሉት የአገሩ ሐኪም ጉርሜ፣ ምቱን ሊያዩ የያዙት እጅ ሁሉ ብርድ እየተገኘበት ነው። ወንድ ልጃቸው ዋንግዳክ ብርድ አለብህ ተብሎ ከገብስ ጠላው ተለያየ። ታችኛው ቤት የሚኖሩት፣ የሱፍ ሽርጥ የሚሸጡት እትዬ ሳምዶል፣ ብርድ። የሥጋ ሻጩ ሚስት፣ ብርድ። ከሰሜን፣ ከግጦሹ አገር፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ የመጣ ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ሳይቀር ብርድ ተብሎ ክኒኑን ታቅፎ ተመለሰ። ኖርዞምም አልቀረላትም፤ ጥሬ ፍሬ እንዳትቀምስ፣ ዝንጅብል የፈላበት ውሃ እንድትጠጣ፣ እግሯን ሸፍና እንድትተኛ ታዘዘች። በግቢው ጤነኛ ሆና የቀረችው ድመቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም እጅ ስላልሰጠች ነው። ሰዉ ግን አይከራከርም። አምቺ ጉርሜ ዕድሜያቸውን ሙሉ በላሳ አሮጌው ሰፈር የሰው እጅ ሲይዙ የኖሩ ናቸው። ጠላ ጠጥቶ የመጣውን ቀርቶ ከሚስቱ ተጣልቶ ያደረውን ከእጅ አንጓው ላይ ያነባሉ። እሳቸው ብርድ ካሉ ብርድ ነው፤ ሰዉ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

የእጅ ምት የሚታየው ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከተራራው ብቅ ብላ ጨረሯ ግቢው ውስጥ ሳይወርድ፣ በሽተኛው እህል ሳይቀምስ፣ ገና ሳይሮጥና ሳይናደድ። ኖርዞም የሳቋን እንባ ጠርጋ ደረጃውን ወጣችና ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ምንጣፍ የለበሰ ዝቅ ያለ መደብ አለ፣ የክኒን ጠርሙስ የሞላበት ቁም ሳጥን አለ፣ ግድግዳው ላይ ሰማያዊው የመድኃኒት ቡድሃ በእጁ ሳህኑን ይዞ ተቀምጧል፣ መስኮቱ ሥር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተተከሉ ቀያይ አበቦች ተደርድረዋል። አምቺ ጉርሜ መደቡ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ጣታቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ኖርዞም ከቦርሳዋ አምባሩን አወጣች።

አምባሩ እንጀራዋ ነው። ከከተማው ምሥራቅ፣ ከአዳዲሶቹ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ያለ አነስተኛ ድርጅት የእጅ ምት የሚያነብ አምባር ይሠራል፤ ከውስጥ በኩል ሦስት ትንንሽ ንጣፎች አሉት፣ ልክ አንድ አምቺ በሽተኛ ላይ እንደሚያሳርፋቸው ሦስት ጣቶች። ችግሩ አምባሩ ይዳስሳል እንጂ የዳሰሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይኼ እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው ሊለው ይገባል። ኖርዞም አባቷን አንድ ዓመት ለመነች። እሳቸውም በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ይምጣ። እንደማንኛውም ጀማሪ ተማሪ አፉን ዘግቶ ያዳምጥ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሳቸው አንዱን እጅ ይይዛሉ፣ አምባሩ ሌላኛው ላይ ይታሰራል፣ የሚሉትን ደግሞ ስልኳ ይቀዳል።

የዕለቱ የመጀመሪያ በሽተኛ እትዬ ሳምዶል ነበሩ። መደቡ ጫፍ ላይ ተደላድለው፣ እንደ ሴት ወጉ ቀኝ እጃቸውን አስቀደሙ። አምቺ ጉርሜ ሦስት ጣታቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ከደኑ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አምቺ ሰዓት አያይም፤ የሚቆጥረው በራሱ ትንፋሽ ነው። እሱ አንድ ጊዜ አስገብቶ እስኪያስወጣ የበሽተኛው ምት አምስት ከሆነ ጤና ነው፣ ከበለጠ ሙቀት፣ ካነሰ ብርድ። ለዚህ ነው አምቺ ከሁሉ በፊት ራሱ ጤነኛ መሆን ያለበት፤ ይህን ኖርዞም በልጅነቷ የአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ተምራለች።

«አራት» አሉ አምቺ ጉርሜ። «አሁንም ብርዱ አለቀቀሽም፣ ሳምዶል።»

«ኧረ አምቺ፣ እኔ እኮ ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ ነው የማድረው! ብርድ ልብሱን ረግጬ ስጥለው ጎረቤት ይሰማል።»

«ብርዱ ሲወጣ ነዋ የሚያልብሽ። ክኒኑን እጨምርልሻለሁ።»

እትዬ ሳምዶል ኖርዞምን አዩአት፣ ኖርዞም ደግሞ ስልኳን አየች። አምባሩ የሳምዶልን ልብ እንደ ማንኛዋም ጤነኛ ሴት ልብ ነው የሚያሳየው። የራሷ የኖርዞምም እንደዚያው ነው፤ አምባሩን ዓመት ሙሉ በየቀኑ ራሷ ላይ ስለሞከረችው የልቧን ምት ታውቀዋለች፣ አምና ከነበረው ንቅንቅ አላለም። ታዲያ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ወይ አምባሩ፣ ወይ የአባቷ ጣት። አምባሩ ይሁን ብላ ተመኘች፤ የሁለት ዓመት ድካሟን በአንድ ጠዋት ገደል ብትከተው ግድ አልነበራትም።

ቢሮ እንደደረሰች አምባሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና «ይኼ ነገር ታሟል» አለች። ራፕጌ ከሺኒንግ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ሥራውን ያውቃል፣ አፉ ግን ልጓም የለውም። አምባሩን ፈታታው፣ የራሱ እጅ ላይ አሰረው፣ መቆጣጠሪያው ላይ ሰካው፣ ሻይ እየጠጣ ጠበቀ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ።

«አምባሩማ ካንቺም ከኔም ይሻላል። ሽማግሌው ናቸው የደከሙት፣ ኖርዞም። ይኼ ደግሞ ነውር የለውም፤ ሁሉም ያረጃል። የሳቸውን ንባብ እንሰርዝና ሌላ አምቺ እንፈልግ።»

«አንተ አፍህን ሰብስብ!»

«አባትሽ ባይሆኑ ይኼን የምትዪው አንቺ ነበርሽ።»

እውነቱን ነው፤ ያም ነው ይበልጥ ያናደዳት። ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠችና ንባቦቹን ከመጀመሪያው ጀምራ አየቻቸው። አባቷ ምቱ ጠልቋል ያሉበት ቦታ አምባሩም ጠልቋል ይላል። ጠንክሯል ያሉት ጠንክሯል፤ በመሐል ጣታቸው ሥር ላልቷል ያሉትን አምባሩም በመሐለኛው ንጣፍ አግኝቶታል። ጣታቸው አልደነዘዘም፤ የተሳሳተው ቆጠራው ብቻ ነው። የደከመ ሰው ደግሞ አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል፤ እሳቸው ግን ከጎረምሳውም ከአሮጊቷም እኩል አንድ ነው የሚያጎድሉት። ኖርዞም ግራ ገባት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የጠዋቱን ቅጂ ከፈተች። እትዬ ሳምዶል ሲቀመጡ ምንጣፉ ሲንሿሿ ሰማች፣ ከዚያ ጸጥታው መጣ። ክፍሉ ውስጥ ሆና ጸጥታ የመሰላት ነገር ጸጥታ አልነበረም። የአባቷ ትንፋሽ ነበር፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ስስ ፉጨት አለው። የመኸሩን መጀመሪያ ቅጂ ስትከፍት ያው ትንፋሽ ረዘም ብሎ አገኘችው።

እህል ተራ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጣሳው ካነሰ የሚገባበት ገብስ ያንሳል፣ ክምሩ ግን ካለበት አልጎደለም። የላሳ ሰው ሁሉ ብርድ አልመታውም። ያጠረው አምቺው የሚሰፍሩበት ትንፋሽ ነው። ኖርዞም መጀመሪያ ደስ አላት፤ ጣታቸው ደህና ነው! ወዲያው ደግሞ ሌላው ታያት፤ አባቷ ታመዋል፣ እሷም ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጣ የሰማችው የሌሎችን ልብ ብቻ ነው።

ወንድሟን ዋንግዳክን ታክሲውን ሁልጊዜ በሚያቆምበት ወተት ሻይ ቤት አገኘችው። ሰዓቱ የምሳ ነው፤ ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች በሰው ተጠቅጥቀዋል። ሁሉም ዝርዝር ገንዘቡን ፊት ለፊቱ በትኗል፣ ቀጂዋ ብርጭቆ ባየች ቁጥር ትሞላለች፣ ከዝርዝሩም የብርጭቋን ዩዋን መዝዛ ትሄዳለች፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ኖርዞም ነገሩን ስትነግረው ዋንግዳክ አልደነገጠም። ብርጭቆውን አሽከረከረው።

«ደረጃው ላይ ይቆማሉ» አለ። «መሐል ላይ። አበባ የሚያዩ መስለው። እማማም ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አንቺ ንገሪያቸዋ፣ ጀግና ከሆንሽ! እኔ ከምነግራቸው ታክሲውን ሸጬ ህንድ ብገባ ይሻለኛል።»

ቀልዱ አላሳቃቸውም። ሁለቱም የሚፈሩትን ያውቁታል። የታመመ አምቺ እጅ አይይዝም፤ ሕጉ ነው፣ አባታቸውም በሕግ ቀልድ አያውቁም። የአባታቸው መምህር ትንፋሼ ከዳኝ ብለው በራቸውን የዘጉ ጊዜ በማግስቱ የሚያደርጉት አጡ፤ መስኮት ሥር ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ለአምቺ ጉርሜ እውነቱን መንገር በሩን በገዛ እጅ እንደ መዝጋት ነው። አለመንገር ደግሞ እዚያው ደረጃ ላይ እንዲወድቁ መጠበቅ ነው። ኖርዞም ያንን ሻይ ጨረሰችው እንጂ አላጣጣመችውም።

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለች ስትነሳ። «አንተ ታክሲውን በር ላይ አቁመህ ጠብቅ።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ፔርሙስ ይዘው ደረጃው መሐል ቆመው ነበር፤ አበባ እያዩ። ፔርሙሱን ተቀበለቻቸውና ፍጥነቷን ለእሳቸው አስተካክላ አብራቸው ወጣች። በእሳቸው ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ለአምባርሽ?»

«ለእኔ።»

ሽማግሌው ተገረሙ። መምህራቸው ከሞቱ ወዲህ እጃቸውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም፤ እንኳን ለልጅ፣ ለሚስትም። ኖርዞም እጇን አልሰበሰበችም። ቆይተው፣ እንደ ወንድ ወጉ፣ ግራቸውን ሰጧት። ቆዳቸው ስስ ነው፣ አጥንታቸው ቀላል ነው፣ ከሥሩ ያለው ምት ግን ይራወጣል። በልጅነቷ እንዳስተማሯት ትከሻዋን ጣለች፣ ትንፋሿን ለቀቀችው፣ ቆጠረች።

«ስንት አገኘሽ?»

«ሰባት።»

«ተሳስተሻል። ድገሚው።»

ደገመችው። «ሰባት ነው፣ አባባ።»

አምቺ ጉርሜ እጃቸውን ነጠቁና በራሳቸው ጣት ያዙት። ዓይናቸውን ከደኑ። «አምስት!» አሉ በድል። «ይኸው አምስት! ጠዋት ጠዋት የማየው ነው።» አፋቸው ላይ የነበረው ድል ግን ብዙም አልቆየም። ልቡም ሲሮጥ፣ ትንፋሹም ሲሮጥ፣ ሁለቱ ሯጮች እርስ በርስ ሲተያዩ የቆሙ ይመስላቸዋል። ይህን ሊያስረዳቸው የሚችል ሰው ከእሳቸው በላይ በከተማው የለም። የሽማግሌው ጣቶች አንጓቸው ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ዓይናቸው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ባዶውን ወደ ቀረው የሮማን ክኒን ጠርሙስ። 

«ሳምዶል ላብ በላብ ሆኜ አድራለሁ አለችኝ» አሉ። «እናትሽ አፌ ተላጠ አለችኝ። ያንን ጎረምሳ፣ በሬ የሚጥለውን ልጅ፣ እግርህን ሸፍነህ ተኛ ብዬ ሰደድኩት!» ሳቅ ጀመራቸው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ አልቆም ብሎ እያንዘፈዘፋቸው ኖርዞም ጀርባቸውን ደገፈች። ሲበርድላቸው ፊታቸው ላይ ሳቁ አልነበረም። «ለእናትሽ ንገሪያት። ነገ በሩ አይከፈት።»

ያን ቀን ከሰዓት በዋንግዳክ ታክሲ በወሰዷቸው ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠች፣ ፎቶ አስነሳቻቸው፣ እስኪመሽ አየር የሚሰጥ ቱቦ አፍንጫቸው ሥር አድርጋ፣ መርፌ ወግታ አልጋ ላይ አቆየቻቸው። የቆየ ብርድ ሳንባቸው ላይ ተኝቷል፣ ልባቸውም እሱን ለማገዝ እየሮጠ ነው አለች፤ በጊዜ መጥተዋል፣ መድኃኒቱን ከዋጡና ካረፉ ይድናሉ። ወይዘሮ ቾዞም ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አላልኩም? ብርዱስ መጥቷል፤ በር ነው የተሳሳተው!»

አምቺ ጉርሜ በቱቦው ሥር ፈገግ አሉ። ማታ በታክሲው ወደ ቤት ተመለሱ። ዋንግዳክ በጀርባው አዝሎ ወደ ፎቅ ሲያወጣቸው እንኳ አልተከራከሩም፤ ልጆቹን ያስፈራቸው ይህ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የግቢው በር እንደተባለው ተዘጋ። ይሁንና እትዬ ሳምዶል የሚኖሩት ከውስጥ ነው፤ በሩን ከውስጥ ከፈቱና ሰዉን አስገቡ። ኖርዞም ስትነሳ ደረጃው ከላይ እስከ ታች በሰው ተሞልቶ አገኘችው፤ የሥጋ ሻጩ ሚስት አለች፣ ጨቅላ ያዘለች አለች፣ ምርኩዝ የያዙ አሉ። አምቺ ጉርሜ መደባቸው ላይ ተደግፈው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች አዩአቸው፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ፣ ነገሩን ነገሯቸው። ትንፋሼ አጥሮ ነበር አሉ። ያላችሁን ብርድ እኔ ነኝ የሰጠኋችሁ፤ ክኒኑን ጣሉት፣ እኔንም ይቅር በሉኝ። ሰው ፊት እንዲህ ብለው አያውቁም። ኖርዞም አንገቷን ደፋች።

«ያንን ሁሉ ዝንጅብል የጠጣሁት በከንቱ ነው?» አሉ እትዬ ሳምዶል።

አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለው፣ ሳቁ ደረጃውን ወርዶ ግቢ ገባ። ማንም ግን ሊሄድ አልተነሳም። እትዬ ሳምዶል ገብተው መደቡ ጫፍ ላይ እንደ ትናንቱ ተደላደሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሳምዶል፣ አልሰማሽም? የታመመ አምቺ እጅ አይይዝም።»

«ጣትዎ ታሟል?»

«ጣቴስ አልታመመም።»

ኖርዞም አምባሩን ከቦርሳዋ አወጣች። «እሱ ይቁጠርልዎት፣ አባባ። እሱ የሚቆጥረው በሰዓት ነው፤ ሰዓት አያስለውም።»

ሽማግሌው አምባሩን ተቀብለው ገልብጠው አዩት። ሦስቱን ንጣፎች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ይህ ተማሪ አፉን ዘግቶ ሲያዳምጥ ከርሞ መምህሩን ነው ያነበበው፤ ቅሬታ ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም። «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። «ግራዋ ላይ እሰሪው፣ ይማር። አንቺ ግን እዚህ ነይ።» ብርድ ልብሱን ገፍተው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። ስትቀመጥ ግራ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ፣ ትከሻና ትከሻዋ መሐል አሳረፉ፤ ሦስቱን የቀኝ ጣቶች የሳምዶል አንጓ ላይ።

«እኔ እቆጥራለሁ» አሉ። «አንቺ ተንፍሺልኝ።»

ፀሐይ ከተራራው በላይ ብቅ ብላለች፣ ግቢው ገና ጥላ ነው። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ኖርዞም የአባቷ መዳፍ ሙቀት በቀሚሷ በኩል ተሰማት፤ ደስ አላት፣ ደስታውም ትንፋሿን ሊያፈጥንባት ሆነ።

«ቀስ» አሉ አባቷ።

በሕይወቷ እንዲያ ተጠንቅቃ ተንፍሳ አታውቅም።